ከዳባርቂ እስከ ድሮን፦ የአትባራ ዳርቻ የጦር መሣሪያ ስሞችና የሠራዊት ታሪክ

በምሥራቅ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ በስተ ሰሜን የምትገኘው ኒው ሀልፋ ስሟን ያመጣችው ከሌላ ወንዝ ዳር ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ ውኃ ዋዲ ሀልፋንና በዙሪያው የነበሩትን መንደሮች ሊውጥ በተቃረበ ጊዜ፣ ኑብያውያኑ ከዓባይ ዳር ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1964 አካባቢ የካሽም ኤል ጊርባ ግድብ በሚያጠጣው ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ግድቡ የቆመበት ወንዝ አትባራ ነው። ይህ ወንዝ በኢትዮጵያ በኩል ጓንግ ተብሎ ይነሣል፣ በመተማ አካባቢ ያልፋል፣ ተከዜም ሰቲት በሚል ስም መጥቶ ይገባበታል፤ ስለዚህ የኒው ሀልፋን እርሻ የሚያበቅለው የጎንደርና የላስታ ዝናብ ነው። በከተማዪቱና በዙሪያዋ ኖቢን፣ አረብኛ፣ በዳዊት፣ ትግረ፣ ትግርኛ፣ ሐውሳና አማርኛ ይሰማሉ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ጦርነት ከካርቱምና ከጀዚራ ያፈናቀላቸው ሰዎች አነጋገር ተጨምሮባቸዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቋንቋ አጥኚ እንዲህ ባለ ስፍራ ሲቀመጥ ጆሮው አስቀድሞ የሚይዘው የእርሻና የገበያ ቃል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ሌላውን ክምችት፣ የጦር መሣሪያን ቃላት ነው። ከ1840ዎቹ ጀምሮ በመተማና በገዳሪፍ፣ በከሰላና በሁመራ መካከል ያለው ምድር የታላላቅ ሠራዊቶች መገናኛ ሆኖ ቆይቷል፤ አንድ አዲስ መሣሪያ ወደ አፍሪካ ቀንድ በገባ ቁጥርም ብዙ ሳይቆይ እዚህ ወሰን ላይ ተተኩሷል። ቃላቱን ከሁለቱም ወገን ሰብስበን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የመሣሪያው ስም ወሰን ተሻጋሪ ነው፤ የሰዎቹ አሰላለፍ፣ የሹመታቸውና የሥራቸው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ በየቤቱ የተሠራ ነው። ይህ የቋንቋ ሁኔታ የታሪኩን ቅርጽ ተከትሎ የመጣ ይመስለኛል። በዚህ ዳርቻ ተፋላሚዎቹ ደጋግመው አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው ተገናኝተዋል፤ ልዩነቱ የነበረው ጥይቱን ማን ይቈጥራል፣ ስንቁን ማን ያቀርባል፣ ነገስ ማን ይሰለፋል በሚለው ላይ ነው።

ሕዝብን በመሣሪያው መጥራት በአካባቢው የቆየ ልማድ ነው። የጥንት ግብፃውያን ደቡባዊ ጎረቤታቸውን ኑብያን ታ-ሴቲ፣ ማለትም የቀስት ምድር ይሉት ነበር። በ7ኛው መቶ ዓመት ዶንጎላን ሊወጉ የመጡት የአረብ ወታደሮችም የኑብያን ቀስተኞች «ዓይን መቺዎች» ብለዋቸዋል። የዛሬዎቹ የኒው ሀልፋ ኗሪዎች የእነዚያ ልጆች ናቸው። አማርኛም ከዚህ ልማድ አልራቀም። «ጦር» መጀመሪያ የብረት ጫፍ ያለው ዘንግ ነው፤ ቀጥሎ ውጊያው ራሱ ጦር ተባለ፤ ከዚያም ተዋጊው ሕዝብ። ዛሬ በአየር የሚበረውንና በራዳር የሚመራውን ሁሉ «የጦር መሣሪያ» ብለን ስንጠራ፣ በእጅ የሚወረወረውን ዘንግ ስም በላዩ ላይ እንደጫንን ማንም ልብ አይለውም።

የተኩስ መሣሪያው ሲመጣ ግን ስሙን ይዞ መጣ። ከሁሉ የቀደመው «ነፍጥ» ነው። በአረብኛ ነፍጥ የሚቀጣጠል ዘይት ነበር፤ በግብፅ በመምሉኮች ዘመን ባሩዱንና በባሩድ የሚተኮሰውን ሁሉ መጥሪያ ሆነ፤ ወደ ግዕዝና ወደ አማርኛ የተሻገረውም በዚህ ትርጉሙ ነው። «ባሩድ» እና «መድፍ»ም ከአረብኛ የመጡ ናቸው። ሁለተኛው፣ መግፋት ከሚለው የአረብኛ ግሥ ስለ ተገኘ፣ በቀጥታው «መግፊያ» ማለት ነው።

«ጠመንጃ» ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። በቱርክኛ ታባንጃ ሽጉጥ ነው። ቃሉ በአረብኛ በኩል ሲያልፍ «ጠበንጃ» ሆነ፤ ይህ ቅርጽ በትግርኛ እስከ ዛሬ አለ፣ በአማርኛም በ«ጠመንጃ» አጠገብ ኖሯል። «ጠብመንጃ» የሚለው አጻጻፍ ቃሉን ከ«ጠብ» ጋር ለማዛመድ ከተደረገ ሕዝባዊ ፍች የመጣ ነው፤ ፍቹ ያማረ ቢሆንም ታሪክ የለውም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሌላው ጉዳይ ነው። በሱዳን አረብኛ ጠበንጃ ዛሬም የሚጠራው በወገብ የሚታጠቀውን አጭሩን መሣሪያ ነው፤ ረጅሙ ቡንዱቂያ ይባላል። በአማርኛና በትግርኛ ግን ያው ቃል ረጅሙን ያዘ፣ ለአጭሩም አማርኛ ከራሱ ግሥ «ሸጎጠ» ብሎ «ሽጉጥ» የሚል ስም አወጣለት። ስለዚህ አንድ የሁመራ ሰው ገዳሪፍ ገብቶ «ጠበንጃ ይዞ አየሁት» ቢል፣ ሰሚው የሚያስበው በሸሚዝ ሥር ሊደበቅ የሚችል ነገር ነው። ይህ ለቃላት ሊቅ ብቻ የሚጥም ዝርዝር አይደለም። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በሐምዳዬት ወሰን ተሻግረው ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ የደረሱት ስደተኞች ያዩትን ሲናገሩ፣ ቃላቸው ከትግርኛ ወይም ከአማርኛ ወደ አረብኛ፣ ከአረብኛም ወደ እንግሊዝኛ ሊሻገር ይችል ነበር። ረጅም ጠመንጃ የያዘ ወታደር በአንድ ቃል መንሸራተት ሽጉጥ የታጠቀ ሲቪል ይሆናል፤ የምስክሩ ቃል የሚመዘነውም በዚያ ነው።

ስሞቹ ባዕድ ቢሆኑም ግሦቹ የቤት ናቸው። ጠመንጃ በአማርኛ «ይጎርሳል»፤ የሚተኮስበት ጫፍ «አፈ ሙዝ» ነው። «ተኮሰ» የሚለው ግሥ ባሩድ ከመምጣቱ በፊት ቁስልን በጋለ ብረት ማቃጠልን ያመለክት ነበር፤ ዛሬም ልብስ እንተኩስበታለን። «ምላጭ» ጠጉር መላጫውም መተኮሻውም ነው። የሱዳን አረብኛም በበኩሉ መሣሪያ ማጉረስን «ማልማት» በሚል ዘር፣ መተኮስን «መምታት» በሚለው ይገልጣል። ሁለቱም ወገን ዕቃውን ከስሙ ጋር ተቀበለ፤ ከዕቃው ጋር የሚደረገውን ሥራ ግን በራሱ አፍ ጠራ።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ጦር ሜዳው እንሂድ። በ1848 የቋራው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከመተማ አልፎ በግብፅ ሥር ወደ ነበረው ሱዳን ዘመተ። ዳባርቂ በተባለ ቦታ የሠለጠኑ የግብፅ ወታደሮች ሁለት መድፍ አስቀምጠው ጠበቁት። የካሣ ፈረሰኞች ቁጥርም ድፍረትም አላነሳቸውም፤ ነገር ግን ተሸነፉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይህ ሽንፈት የቴዎድሮስ የመድፍ ፍቅር መነሻ ተደርጎ ይወሳል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም መንገድ ወደ ጋፋት፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ቆይቶም ወደ ሴባስቶፖል ያመራል ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን እኩሌታው ነው። ካሣ በዳባርቂ ያየው መድፉን ብቻ አልነበረም። ያየው በሁለቱ መድፎች ዙሪያ የቆመውን፣ ሲታዘዝ የሚተኩሰውንና ሳይታዘዝ የማይሮጠውን ወታደር ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹን በግብፃውያኑ ሥርዓት ለማሠልጠን መሞከሩ ይህን ያስረዳል።

ቴዎድሮስ ነግሦ ያስገባው የሹመት ስያሜ እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ ሠራዊት አለ፦ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ፣ ይኸውም ሺህ አለቃ። የቱርክና የግብፅ ሠራዊት ስያሜ ያወቀ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። ኦንባሺ የአሥር ራስ፣ ዩዝባሺ የመቶ ራስ፣ ቢንባሺ የሺህ ራስ ነውና። ከወሰኑ ማዶ በዳባርቂ የቆሙት መኰንኖች የሚጠሩት በእነዚህ ስሞች ነበር። ታዲያ የቴዎድሮስ ስያሜ የቱርክኛው ትርጉም ነው ልንል ነውን? እንዲህ ለማለት ይቻል ነበር፣ ሃምሳ አለቃ ባይኖር። ቱርክኛው የሃምሳ ራስ የሚል ሹመት የለውም። ሃምሳው ያለው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 ነው፤ የሙሴ አማት በሕዝቡ ላይ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾም ሲመክረው። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገው ንጉሥ የጎረቤቱን ሠራዊት ብልሃት አየ፤ ስሙን ግን ከኦሪት አወጣ። በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለጽሑፉ ዋና ሐሳብ አላገኘሁም። ቀድሞ በጎንደር ዘመን የነፍጠኞች አዛዥ «የቱርክ ባሻ» ይባል እንደ ነበር ስናስታውስ ለውጡ ይበልጥ ይታያል። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ በቱርክ ስም ከሚጠራበት ዘመን፣ ማንኛውም ወታደር በቁጥር ወደሚሰፈርበት ሥርዓት የተደረገ ሽግግር ነው።

ሥርዓቱ ግን በስሙ ልክ አልጸናም። ደመወዝ የሚከፈለው፣ ገበሬውን የማይዘርፍ ሠራዊት ለማቆም ገቢ ያስፈልግ ነበር፤ ገቢውም አልተገኘም። ኤፕሪል 10 ቀን 1868 በመቅደላ አቅራቢያ በእሮጌ የወረዱት የቴዎድሮስ ወታደሮች የተገናኙት ጥይቱ ከበስተኋላ የሚጎርስ፣ ከዚያ በፊት በጦርነት ያልተተኮሰ አዲስ የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው። ስሙ ከፈጣሪው ከአሜሪካዊው ጄኮብ ስናይደር የተወሰደ ሲሆን፣ አማርኛ «ሰናድር» አለው። ለቋንቋ አጥኚ ደስ የሚያሰኘው ይህ ነው፦ በባዕዱ ስም መነሻ የነበረው የተነባቢዎች ግጥምጥም ተፈታ፣ መካከለኛው ድምፅ ተጎተተ፣ ቃሉም የ«ከንፈር፣ ከናፍር»ን ዓይነት የብዙ ቁጥር መልክ ያዘ። አንድ ጠመንጃ በመልኩ ብዙ ሆኖ ገባ ማለት ነው። ይህ የድምፅ አጋጣሚ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ባዕድ ቃል በቀደመ ግዕዛዊ ሻጋታ መፍሰሱ ዘመኑ ለመሣሪያው የነበረውን ቅርበት ያሳያል።

እንግሊዞች ሲመለሱ ለበዝብዝ ካሣ፣ ለኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ መድፎችንና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችን ትተውለት ሄዱ። ትልቁ ክምችት ግን በስጦታ አልመጣም። ግብፅ በኖቬምበር 1875 በጉንደት፣ በማርች 1876 በጉራዕ ሠራዊቷን አጥታ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሬሚንግተን ጠመንጃዎችን ለዮሐንስ ወታደሮች ተወችላቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1883፣ በኮርዶፋን በሸይካን ሜዳ በሂክስ ፓሻ የተመራው አሥር ሺህ ገደማ የሆነ የግብፅ ሠራዊት በማህዲ ተከታዮች ተደመሰሰ፤ ሬሚንግተኑም ወደ አንሷሮች እጅ ገባ። በጁን 1884 በዓድዋ የተፈረመው ውል ሦስተኛውን በር ከፈተ። ዮሐንስ በከሰላ፣ በአሚዴብና በሰንሒት የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች ለማስወጣት ሲስማማ፣ በምላሹ መሣሪያና ጥይት ጭምር በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍለት፣ በቦጎስ ግንቦች ውስጥ የሚቀረው የጦር ዕቃም የእርሱ እንዲሆን ተጻፈ።

እንግዲህ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ዮሐንስና የማህዲስቱ አዛዥ አዝ-ዘኪ ጠማል ሲገናኙ፣ በሁለቱም ወገን በብዛት ከተተኮሱት ጠመንጃዎች አንዱ ያው ነበር። አንድ ፋብሪካ የሠራው፣ አንድ የግብፅ መንግሥት የገዛው፣ በሁለት ሽንፈት ለሁለት የተከፈለ መሣሪያ ነው። የመሣሪያ ብልጫ ታሪክን ይወስናል የሚለው አስተያየት እዚህ ቦታ ላይ የሚናገረው የለውም።

ልዩነቱ ያለው ቀጥሎ ባለው ነው። የማህዲው መንግሥት ጠመንጃውን ለማንም አልበተነውም። ጠመንጃ ያዦቹ «ጂሃዲያ» ተብለው ተለይተው ቆሙ፤ አብዛኞቹ ቀድሞ በግብፅ ሠራዊት ያገለገሉ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ፣ የታወቀው አዛዣቸውም ሐምዳን አቡ ዓንጃ ነው፤ በጃንዋሪ 1888 በደምቢያ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሥቶ ጎንደርን ያቃጠለው እርሱ ነው። መቶው ጂሃዲያ የሚመራበት ሹመት «ራስ ሚአ»፣ የመቶ ራስ ይባል ነበር። እዚህም መቶው አለ፣ ግን ቱርክኛው ቃል ተጥሎ ሐሳቡ በአረብኛ እንደ ገና ተሠርቷል። መሣሪያና ጥይት በኦምዱርማን ቤት አል-አማና በተባለው ግምጃ ቤት ይጠበቅ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ጠመንጃው የባላባቱ፣ የራሱ፣ የደጃዝማቹ ነው፤ ወታደሩ የሚሰለፈው በጌታው ዙሪያ፣ የሚበላው ከስንቁና ከሀገሩ ነው። በዚያ ቀን ኢትዮጵያውያኑ የእሾኹን አጥር፣ ዘሪባውን፣ ጥሰው ገብተው ነበር። ንጉሡ ሲቈስል ግን የሠራዊቱ ማሰሪያ ተፈታ። በማግሥቱ ዮሐንስ ዐረፈ፤ አስከሬኑን ይዘው የሚመለሱት ሰዎች በአትባራ ዳር ተደረሰባቸው፣ የንጉሡም ራስ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ይህ የሆነው ዛሬ ለኒው ሀልፋ እርሻ የሚወርደው ውኃ ዳር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የኢትዮጵያ ታሪክ በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ማዕከሉ ከዚህ ዳርቻ ርቋልና። የመሣሪያው በር ከምጽዋ ወደ ኦቦክና ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ በሩን የያዘው ምኒልክም ነገሠ። ከፈረንሳይኛው «ፊዚ ግራ» የወጣው «ውጅግራ»፣ ከቤልጂግ አገር የመጣው «በልጅግ»፣ ከፈረንሳይኛው ሚትራየዝ የተገኘው «መትረየስ» የዚያ መንገድ ልጆች ናቸው፤ ከአረብኛና ከቱርክኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተደረገው የምንጭ ለውጥ የንግዱን መንገድ ለውጥ ተከትሎ የመጣ ነው። «ነፍጠኛ»ም በዚህ ዘመን ከተኳሽነት አልፎ በደቡብ የመሬትና የገባር ሥርዓት ስም ሆነ። ዛሬ ቃሉ በፖለቲካ ክርክር ውስጥ ሲወረወር የሚሰማ ሰው መነሻው የሚቀጣጠል ዘይት መሆኑን ቢያውቅ ሳይገረም አይቀርም።

ወሰኑ በግንቦት 1902 በውል ተጻፈ፣ በ1903 በእንግሊዙ መኰንን ግዊን ተሠመረ። መተማና ጋላባት በአንድ ወንዝ ደረቅ አልጋ ማዶና ማዶ ሁለት አገር ሆኑ። በጁላይ 4 ቀን 1940 ጣሊያኖች ከሰላንና ጋላባትን ሲይዙ ሞተር የተገጠመለት ጦርነት ወደ ስፍራው ገባ። በሱዳን በኩል የነበረው በ1925 የተቋቋመው የሱዳን መከላከያ ኃይል ነው፤ መትረየስ በጫኑ መኪናዎች ሜዳውን እያካለለ ቁጥሩን ያበዛ ይመስል ነበር። ይህ ስልት ከሰባ ዓመት በኋላ በሌላ ስም እንደሚመለስ ያኔ ማን ገመተ።

ኖቬምበር 6 ቀን 1940 ብርጋዴር ዊልያም ስሊም በ12 ታንክ እየተመራ ጋላባትን አጠቃ። ምሽጉን ያዘ። ነገር ግን የታንኮቹ ሰንሰለት በጥቁሩ ድንጋይና በፈንጂ እየተበጠሰ አብዛኞቹ ቆሙ፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች ሰማዩን ስለ ያዙ ጥገና ማድረስ አልተቻለም፤ እግረኛው ተደናግጦ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ መተማም ሳትያዝ ቀረች። ስሊም በኋላ በበርማ ስሙ የገነነ ጄኔራል ሆኗል። ታንኩን ታንክ የሚያደርገው ከኋላው የሚመጣው መለዋወጫ፣ ነዳጅና ብየዳ መሆኑን በዚህ ዳርቻ ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

በዚያው ዓመት ከዚሁ አካባቢ ተቃራኒው ነገር ተነሣ። በኦገስት 1940 ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ ጎጃም ተሻገረ፤ ለአርበኞቹ ከተላኩት መሣሪያዎች መካከል አንድ ጊዜ ብቻ የሚተኩሰው አሮጌ ማርቲኒ ይገኝበታል፤ አርበኞቹም በዚህ ማጉረምረማቸው የተገባ ነበር። በካርቱም አጠገብ በሶባ የኢትዮጵያ መኰንኖች ሠለጠኑ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃንዋሪ 20 ቀን 1941 በኦሜድላ ወሰኑን ተሻገሩ፤ ስንቁ በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ተጫነ፣ ግመሎቹም በደጋው ላይ አለቁ። ታንኮቹ በጋላባት ቆመው ሲቀሩ የግመሉ ጉዞ አዲስ አበባ ደረሰ። ልዩነቱ ሕዝቡ የቆመበት ወገን ነው፤ አርበኛው አገሩን ያውቃል፣ ገበሬውም ያበላዋል። ከዚህ ዘመን በአማርኛ የቀረው ቃል «ብሬን» ነው። የእንግሊዙ መትረየስ ራሱ ከጦር ግምጃ ቤቶች ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙ ግን ዛሬ ከሶቪየት ሠራሽ ቀላል መትረየስ ላይ ተቀምጦ ይኖራል። ዕቃው ሞቶ ስሙ ወራሽ አገኘ።

የ1977ቱ ለውጥ ለዚህ ጥናት ከዓድዋው ውል የማይተናነስ ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የነበራትን የመሣሪያ ግንኙነት አቋርጣ ከሶቪየት ኅብረት ተቀበለች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሠራዊቱ በጠመንጃም በታንክም ዓይነቱን ለወጠ። «ክላሽ» እና «ዲሽቃ» የዚያ ጎርፍ ቃላት ናቸው። ሁለቱም በሱዳን አረብኛ አሉ፤ ክላሽ ያው ክላሽ ነው፣ ዲሽቃውም እዚያ ዱሽካ ይባላል። አማርኛው የመጨረሻውን ድምፅ ወደ ፈንጂ «ቃ» መለወጡ የሰናድርን ታሪክ ያስታውሳል፤ ባዕዱ ቃል አሁንም በቤት ምላስ ይቀረጻል። ታሪኩም ራሱን ደገመ። በማርች 1988 በአፍዓበት የኤርትራ ተዋጊዎች ታንክና መድፍ ከነጥይቱ ማረኩ፤ ሬሚንግተን በጉራዕ እንደ ተማረከው ማለት ነው። ለአንድ መንግሥት የተላከው መሣሪያ ሁለት ሠራዊት አስታጠቀ።

ሁለቱ መንግሥታት ከዚህ የተማሩት ይመስላል፤ ሁለቱም በኋላ ጠመንጃ በየቤታቸው መሥራት ጀመሩ። የኢትዮጵያው የጠመንጃ ፋብሪካ «ጋፋት» ተብሎ ተሰየመ፤ የቴዎድሮስ መድፍ አንጥረኞች ቦታ ስም ነው። መሣሪያው የሩስያ፣ ስሙ የደብረ ታቦር።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ቃል ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ወይም ከአውሮፓ ወደ ሁለቱም ሲሄድ ነው። በተቃራኒው የሄደ አንድ ቃል አለ፤ የመሣሪያ ስም አለመሆኑም ይገርማል። በሱዳን ጋዜጦች ስለ ፋሻጋ ሲጻፍ «ሺፍታ» የሚል ቃል ደጋግሞ ይገኛል። «ሸፈተ» ከሚለው የአማርኛ ግሥ የወጣ፣ ከወሰን ማዶ የሚመጣን የታጠቀ ሰው መጥሪያ ነው። በአማርኛ ሽፍታ ከሕግ የወጣ ነው፣ ግን የተበደለም ሊሆን ይችላል፤ ነገሥታትም ከሽፍትነት ተነሥተዋል፣ ካሣ ኃይሉ አንዱ ነው። ቃሉ ወደ አረብኛ ሲሻገር ይህ ሁለተኛው ገጽታ ተራግፎ ዘራፊው ብቻ ቀረ። የሱዳን ሠራዊት በዲሴምበር 2020 ወደ ፋሻጋ ሲገባ ከተቃወሙት ታጣቂዎች ማን የመንግሥት ወታደር፣ ማን ሚሊሻ፣ ማን እርሻውን የሚጠብቅ ገበሬ እንደ ሆነ ያከራክር ነበር፤ ሁሉም ክላሽ ይዟልና። በአማርኛ ለሦስቱም የተለያየ ስም አለ። በአረብኛው ዜና ሦስቱም ሺፍታ ሆኑ። መሣሪያ ሰዎችን አንድ ባደረገ ቁጥር የሚለያቸው ስም ብቻ ነው፤ ስሙን የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ወገን ነው።

አሁን ያለው የሱዳን ጦርነት የዚህን ታሪክ ክር እንደ ገና አጠበቀው። በ2013 የተቋቋመው፣ በ2017 በሕግ የጸደቀው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል የቆመው በአንድ ዕቃ ላይ ነው ማለት ይቻላል፦ ዱሽካ በተገጠመለት የቶዮታ መኪና። ሱዳኖች «ታትቸር» ይሉታል፤ በእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም መሆኑ ነው። ከ1940ው የመከላከያ ኃይል መኪና ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። ልዩነቱ ያኔ መኪናው የአንድ ሠራዊት ክፍል ነበር፤ አሁን መኪናው ራሱ ሠራዊት ወለደ፣ የወለደውም ከእናት ሠራዊቱ ጋር ኤፕሪል 2023 ላይ ተዋጋ። በኦክቶበር 2024 ከምሥራቅ ጀዚራ መንደሮች የሸሹት ሰዎች ኒው ሀልፋ ሲደርሱ፣ ያሳደዳቸውን የሚጠሩት ብዙ ጊዜ በመኪናው ስም ነው። «ታትቸሮቹ ገቡ» ይላሉ፤ ሰዎቹ ገቡ አይሉም።

በዚህ ረገድ አዲሱ መሣሪያ አንድ እርምጃ ይሄዳል። በ2024 ገዳሪፍ ላይ፣ ከዚያም በሌሎች የምሥራቅ ከተሞች ላይ የተላከው ሰው አልባ አውሮፕላን በሱዳን አረብኛ «ሙሰየራ» ይባላል፤ የተደራጊ ቅርጽ ነው፣ «እንድትሄድ የተደረገች» ማለት ነው። ማን እንዳስኬዳት ቃሉ አይናገርም። አማርኛ ሁለት መንገድ ይዟል። በመንግሥት ዜና «ሰው አልባ አውሮፕላን» ይነገራል፤ በአፍ ግን «ድሮን» ነው፣ እንደ ሰናድር ሳይቀረጽ፣ ከነድምፁ የገባ። አማርኛም አረብኛም የሚሰሙ ስደተኛ ልጆች ባሉበት በኒው ሀልፋ ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሲገናኙም ግሡ ከሰማይ ጋር ይስማማል፦ ሙሰየራዋ «መጣች» ይባላል፣ ድሮኑም «መጣ» ይባላል፣ እንደ ዝናብ። ለጠመንጃ አማርኛ የሚያጎርሰው፣ የሚስበው፣ የሚተኩሰው ሰው ሁልጊዜ ነበረው፤ ለዚህኛው እስካሁን የተኳሹ ስም አልወጣለትም።